እንጨት ወይስ ብረት? ጓሮዬ ላይ ዎርክሾፕ ሁለቴ ሰርቼ ያየሁት

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለና "ጓሮ ላይ ትንሽ ጋራዥ ልሰራ ነው፣ በአጣና ላድርገው ወይስ በብረት?" አለኝ፣ እኔም አፌን ሳልዘጋ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁለት፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይሄን ነገር ለምን አልጽፈውም አልኩ። ምክንያቱም ሁለቱንም ሰርቻለሁ። የመጀመሪያው በእንጨት ነበር፣ ፈርሷል። ሁለተኛው በብረት ነው፣ ቆሟል። ግን "እንግዲህ ብረት ይሻላል" ብዬ ልጨርሰው ብል ውሸት ይሆንብኛል፣ ነገሩ እንደዛ አይደለም።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ቀን ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ግን እጄ ዘይት ካልነካ አይሆንልኝም፣ የራሴን ቪትዝ እኔው ነኝ ምሰራው፣ የጎረቤት ባጃጅም ይመጣል፣ አንዳንዴ የግቢ በር ምናምን እበይዳለሁ። ስለዚህ ምፈልገው 4 በ 6 ሜትር የሆነ፣ አንድ መኪና ሚያስገባ፣ ጎኑ ላይ የሥራ ጠረጴዛ ያለው፣ ዝናብ ማያስገባ ነገር ነው። ትልቅ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያውን የሰራነው በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነው፣ ስለዚህ በምን እንስራ ሚለው ጥያቄ እኛ ቤት አልተነሳም፣ እንጨት ነው በቃ። ቀይ ባህር ዛፍ ገዛን፣ ቋሚውን ወፈር ያለ፣ ወራጁን ቀጠን ያለ፣ ጉድጓድ ቆፍረን ቋሚዎቹን 60 ሴንቲ ያህል ቀበርናቸው፣ ማገር መታንበት፣ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ቆርቆሮ አለበስነው። ለሦስት ሰው የስድስት ቀን ሥራ ነበር። የፈጀው መሣሪያ መጋዝ፣ መዶሻ፣ መጥረቢያ፣ ቁጥር 10ና 12 ሚስማር፣ ሌላ ምንም የለም። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ይሄ የእንጨት ትልቁ ውበቱ ነው፣ ሰው አያስተውለውም እንጂ፤ ስታጠፋ ነቅለህ ደግመህ ትመታዋለህ፣ ሁለት ሜትር ከጎደለህ ገበያ ሄደህ አንድ አጣና ተሸክመህ ትመጣለህ።

አባዬ ግን ያኔ ሁለት ነገር ብሎኝ ነበር። አንደኛው "ልጡን ሳትልጥ እንዳትተክለው" ነው፣ ምክንያቱም የሚበሳው ነቀዝ ልጡ ስር ነው ሚገባው፣ ልጥ እርጥበትም ይይዛል። ሁለተኛው "ድንጋይ ላይ እናቁመው፣ አፈር ውስጥ አትቅበረው" ነበር። እኔ ደግሞ ክረምቱ መጣብኝ ብዬ ተጣደፍኩ። ጫፉን በእሳት ለበለብነው፣ ከጋራዥ ያመጣሁትን የተቃጠለ ዘይት ቀባነው፣ ይበቃዋል አልኩ።

አልበቃውም። አራተኛው ክረምት ላይ በሩ አልዘጋ አለ። መጀመሪያ የመሰለኝ ማጠፊያው ነው፣ ፈትቼ አስተካከልኩት፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና። ከዛ አባዬ መጣና አንድ ቃል ሳይናገር ካቻቢቴ አንስቶ ቋሚው መሬት ሚነካበት ቦታ ላይ ገፋ አደረገው፣ እስከ እጀታው ገባ። እንጨቱ ከላዩ ቀለሙ እንኳን አልተለወጠም ነበር እኮ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ሌላኛው ቋሚ ላይም ሞከረ፣ እንደዛው።

ከዛ ስንነቅላቸው ያየሁትን አልረሳውም። ከስር፣ ጥልቅ ገብቶ የነበረው ክፍል ደህና ነው። ከላይ ያለውም ደህና ነው፣ እንደውም ደርቆ ሚስማር ማያስገባ ሆኗል። የጠፋው መሃሉ ነው፣ ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ከፍና ዝቅ ያለው 20 ሴንቲ ያህል ብቻ። ለምን እንደሆነ ስታስቡት ይገባችኋል፤ እንጨት ሚያበሰብሰው ሻጋታ ውሃም አየርም ይፈልጋል፣ ጥልቁ ውስጥ ውሃ አለ ግን አየር የለም፣ ከላይ አየር አለ ግን እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ሁለቱ ሚገናኙት እዛች ጠርዝ ላይ ነው። ምስጥ ደግሞ ከአፈር ወጥቶ የለሰለሰ እንጨት ያገኛል፣ ከውስጥ እየበላ ይሄዳል፣ ልጡ ስላለ እኔ ከውጭ ምንም አላየሁም። ጥቁር አፈሩ ደግሞ የራሱን ጨመረበት። መረሬ ነው መሬታችን፣ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ላይ እጅ ሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ የተቀበረውን ነገር በዓመት አንዴ ወደ ላይ ይገፋና አንዴ ይለቀዋል።

ስለዚህ "እንጨት አይረባም" ሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አልስማማም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩ ቤት እዩት፣ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን፣ እኛ ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ አለ። ባህር ዛፍ ራሱ በምኒልክ ዘመን ከገባ በኋላ ስንትና ስንት የአዲስ አበባ ቤት ተሸክሟል። ሳይ ልዩነቱ ያው ነው፣ ድንጋይ መሠረት ላይ የተነሳና ጣሪያው ወጣ ብሎ ግድግዳውን ከዝናብ የጠበቀለት ይቆያል፣ አፈር ውስጥ የተተከለ ይወድቃል። ጥድ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፣ ጥድ ምስጥም ብስባሴም ይቋቋማል፣ የድሮ ሰዎች ለአጥር ሚመርጡት ያለምክንያት አይደለም፣ ግን አሁን ጥድ እንደ ልብ ከየት ይገኛል፣ ባይቆረጥም ይሻላል።

ሁለተኛውን ለመስራት ስነሳ 2016 ነበር፣ ሰኔ ላይ ዋጋ ጠይቄ ጥቅምት 2017 ላይ ነው የገዛሁት፣ በመሃል ሐምሌ ላይ ብሩ በገበያ ዋጋ ይወሰን ተባለና ሰኔ ላይ የጻፍኩት ወረቀት ዋጋ አጣ። የብረቱ ጥሬ ዕቃ ከውጭ ነው ሚመጣው፣ ዶላር ሲወጣ እሱም ይወጣል። ቁጥር እዚህ አልጽፍም፣ ነገ ይቀየራል፣ ሰው ደግሞ በሱ ተማምኖ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ አጣናም ተወዷል፣ ስለዚህ እንጨት በነጻ ነው ብለው ሚያስቡ ሰዎች ገበያ ወጥተው ይጠይቁ።

ብረት ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። የምሬን ነው። አርኤችኤስ ሚሉት ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ብረት፣ 60 በ 40 ባለ 2 ሚሊ ተብሎ ሚሸጠው፣ አንድ ቤርጋ ማለትም አንዱ ሙሉ ዘንግ 6 ሜትር ነው፣ እውነት 2 ሚሊ ከሆነ ወደ 17 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ባለ 1.5 ከሆነ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። በዓይን ስታዩት አንድ ናቸው፣ ቀለማቸውም አንድ ነው፣ ጫፉ ደግሞ ሲቆረጥ ስለሚታጠፍ ወፍራም ይመስላል። እኔ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ 2 ሚሊ ተብሎ የተሰጠኝን ሳስመዝን 15 ኪሎ አልሞላም፣ ዝም ብዬ ትቼ ወጣሁ። ካሊፐር ያለው ሰው ካለ እሱም ጥሩ ነው ግን ሚዛን አይዋሽም። ሌላው፣ ቤርጋው 6 ሜትር ስለሆነ ቤታችሁን ስትለኩ 6፣ 3፣ 2 ሚወጣ አድርጉት። 3 ሜትር ከ40 ያላችሁ እንደሆነ ከየቤርጋው 2 ሜትር ከ60 ይተርፋችኋል፣ እሱ ደግሞ ቁራሌው ነው በመጨረሻ ሚወስደው።

እግሩን በተመለከተ ካለፈው ስለተማርኩ አልቸኮልኩም። ስድስት ቋሚ ነው ያለው፣ ለስድስቱም ጥቁር አፈሩን አልፈን ጠንካራ እስክናገኝ ቆፈርን፣ እኛ ግቢ 1 ሜትር ከ20 ላይ ተገኘ፣ አንዳንድ ሰፈር ከዛም ይጠልቃል። የወጣውን ጥቁር አፈር መልሰን አልሞላንበትም፣ ቀይ አሽ፣ ያንን ቀዩን የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ነው የሞላነው፣ ቢሾፍቱ ደግሞ በሱ ሀብታም ናት። ኮንክሪቱ ከመሬት 25 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ከላዩ ላይ ብሎን ተቀብሯል፣ ብረቱ ቋሚ ከስሩ ወፍራም ላሜራ ተበይዶበት በብሎኑ ይታሰራል። ብዙ ሰው ብረቱን ራሱን ኮንክሪት ውስጥ ይቀብረዋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ጠንካራም ይመስላል። ግን ሂዱና የቆየ የግቢ በር ቋሚ እዩ፣ ከየት ነው ዝጎ ሚበላው? እዛው ነው፣ መሬቱ ገጽ ላይ። እንጨቱ የበሰበሰበት ቦታ ማለት ነው! ይሄን ሳየው በጣም ነው የገረመኝ፣ እንጨትና ብረት ጠላታቸው አንድ ነው፣ ሚሞቱበትም ቦታ አንድ ነው። ከዛ በኋላ ነው "እንጨት ወይስ ብረት" ሚለው ጥያቄ ራሱ ሁለተኛ እንደሆነ የገባኝ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ እግሩ ምን ላይ ነው ያረፈው ሚለው ነው።

የሰፈራችን በያጅ ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው። አራት ማዕዘኑን አቁሞ ጨረሰና ጣሪያውን ሊጀምር ሲል አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆየና "ሰያፉስ?" አለ።

"አባባ፣ ይሄ ብረት ነው እኮ፣ ሰያፍ አያስፈልገውም፣ እንጨት መሰሎት?" አለው ልጁ በአክብሮት።

አባዬ ተነስቶ ሄደና የጥጉን ቋሚ በአንድ እጁ ይዞ ነቅነቅ አደረገው። ቤቱ በሙሉ ተወዛወዘ። "ልጄ፣ አራት ማዕዘን ነገር ይተኛል፣ ከምንም ብትሰራው ይተኛል፣ ሦስት ማዕዘን ግን አይተኛም" አለው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና ከትርፉ ብረት ቆርጦ በየጥጉ አጋድሞ በየደው፣ ከዛ እሱ ራሱ ሄዶ ነቀነቀው፣ ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን አባዬ ደስ ብሎት ዋለ። እኔም፣ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ላይ ያወቀው ነገር ብረት ላይም መስራቱን ሳይ የሆነ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ።

እዚህ ላይ ስለ ነፋስ ልበል። ሰው ጣሪያ ይከብዳል ብሎ ነው ሚፈራው፣ ቆርቆሮ ግን ቀላል ነገር ነው፣ የኛ አካባቢ አደጋው ወደ ላይ መነሳቱ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ያ አቧራ ሚያነሳ ነፋስ ሲመጣ፣ በተለይ ፊት ለፊቱ ትልቅ በር ያለው ጋራዥ ነፋሱን ዋጥ ያደርገውና ጣሪያውን ከስር ይገፋዋል። እንጨት ላይ የተመታ ሚስማር ቀስ እያለ ይነቀላል፣ እንጨቱ ሲደርቅ ስለሚላላ። ብረት ላይ በጎማ ባለው ብሎን ከታሰረ ይይዛል፣ እዚህ ላይ ብረት ያሸንፋል፣ ምንም ጥርጥር የለውም።

ብየዳው ግን ልብ ይፈልጋል። ለ2 ሚሊ ብረት ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ነው፣ ባለ 3.2 ከሆነ ይበሳዋል። መብራት በማታ ሲደክም የተበየደ ነገር ላዩ ያምራል ውስጡ አልያዘም፣ እኛ ሁለት መገጣጠሚያ በመዶሻ ስንመታው ተለቀቀና ጠዋት በደህና መብራት ደገምነው። የተበየደበት ቦታ ቀለሙ ስለሚቃጠል ልጣጩን አራግፎ፣ በግራይንደር አጽድቶ፣ እዛው በዕለቱ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያውን ቀለም፣ መቀባት ነው፣ አንድ ሌሊት ካደረ ዝገት ይጀምረዋል። የቱቦውን ክፍት ጫፍ ሁሉ ድፈኑት፣ ውሃ ከገባ ከውስጥ ነው ሚበላው፣ ያኔ ደግሞ እንደ ምስጡ ነው፣ ከውጭ አይታይም።

አሁን ከሰው ብዙ ማልሰማውን ልናገር፣ ውስጡ ምን ይመስላል ሚለውን። የብረት ቤት ቀን ላይ ያቃጥላል። ከቀትር በኋላ ጣሪያው ስር ቆሞ መስራት ይከብዳል፣ ስለዚህ ከጣሪያው አናት ላይ ነፋስ መውጫ ተዉለት፣ ፊት ለፊት ሚተያዩ መስኮቶች አድርጉ፣ ሙቅ አየር ወደ ላይ መውጣት ነው ሚፈልገው። ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ጧ ጧ ይላል፣ 6 ሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ያህል ስለሚረዝም ነው፣ መጀመሪያ ቀን ሌባ መስሎኝ ወጥቻለሁ። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል ስልክ ማውራት አይቻልም።

ከሁሉ የባሰው ግን ጤዛው ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፣ የውስጡ እርጥበት እሱ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ጎህ ሲቀድ ጠብ ጠብ ይላል። የመጀመሪያው ዓመት ቁልፎቼ ሁሉ ዝገው አገኘኋቸው፣ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ግማሾቹ የአባዬ ነበሩ። እንጨት ቤት ውስጥ ይሄ ችግር አልነበረም፣ ቆርቆሮው ያው ቆርቆሮ ነው ግን እንጨቱ እርጥበቱን መጠጥ አድርጎ ቀን ላይ ይመልሰዋል፣ አንደኛው ጎን ደግሞ ከውስጥ በጭድ ጭቃ የተመረገ ነበር፣ ጭቃ ደግሞ ለዚህ ወደር የለውም።

አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ምለው፦ የብረት ዎርክሾፕ ከሰራችሁ ኧርዝ አስገቡለት፣ የብረቱን አካል ከመሬት ጋ በደንብ አገናኙ፣ ሳትጀምሩ በፊት። በ220 ቮልት ሚሰራ ግራይንደር ገመዱ ተላጦ ግድግዳውን ቢነካ ግድግዳው እንጨት ከሆነ አንድ ቦታ ነው አደጋው፣ ብረት ቤት ውስጥ ግን በሩም፣ ግድግዳውም፣ መደርደሪያውም ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ በሩን ሊከፍት የመጣ ልጅ ሊነካው ይችላል።  እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

እሳትን በተመለከተ፣ ብየዳና ግራይንደር ካላችሁ ለኔ ብረት ነው፣ የእንጨት ግድግዳ አጠገብ መበየድ ልብ አያሳርፍም፣ ብልጭታው ማገር ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ብረት ግን አይቃጠልም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም፣ 550 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱን በግማሽ ያህል ያጣል፣ ይተጣጠፋል፣ ቤንዚን በጀሪካን ውስጥ አስቀምጦ መተኛት በየትኛውም ቤት አይሆንም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? አጽሙ ብረት ነው፣ ውስጡን ግን እንጨት አለበስኩት። ሞራሌ ገዝቼ በየ80 ሴንቲው አግድም ቋሚዎቹ ላይ በብሎን አሰርኩ፣ መሬት ሚነካ እንጨት አንድም የለም፣ ብየዳ ሚሰራበትን ጥግ ብቻ ባዶውን ብረት ተውኩት። ለምን ቢባል፣ ዎርክሾፕ ማለት ዕቃ ሚሰቀልበት ቦታ ነው፣ ብረት ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዷ መስቀያ ድሪል ማድረግ አለባችሁ፣ እንጨት ላይ ሚስማር መምታት ነው በቃ። ጩኸቱም ቀነሰልኝ። አባዬ ከፈረሰው ቤት ጤነኛ የሆኑትን ወራጆች መርጦ፣ በመላጊያ ልጎ የሥራ ጠረጴዛ ሰራልኝ፣ ሰባት ዓመት ጣሪያ ስር የደረቀ ባህር ዛፍ ከዚህ በኋላ አይጣመምም፣ አዲሱን ገዝቶ ቢሰራው ግን በስድስት ወር እንደ ቀስት ይሆን ነበር።

ለሌላ ሰው ስመክር ግን የኔን አልገለብጥለትም። ደጋ ላይ ያለ፣ ጎጃም ወይ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ የራሱ ባህር ዛፍ ያለው ሰው፣ ብየዳ ማይሰራ፣ ለእንጨት ሥራ ወይ ለእህልና ለዕቃ ሚፈልገው ከሆነ፣ በእንጨት ይስራ፣ ልጡን ልጦ፣ አድርቆ፣ ድንጋይ ላይ አቁሞ፣ ጣሪያውን ወጣ አድርጎ። የድንጋዩ መሠረት ሁሌ መታየት አለበት፣ አፈርም ማገዶም አትከምሩበት፣ ምስጥ ሲወጣ በጭቃ መስመር እየሰራ ነው ሚመጣው፣ ድንጋዩ ላይ ያንን መስመር ካያችሁ ቀድማችሁ ታፈርሱበታላችሁ። ቦታው የኪራይ ከሆነ ደግሞ ብረት፣ ግን በብየዳ ሳይሆን በብሎን፣ አከራይ ውጣ ሲል ፈትታችሁ ትጭኑታላችሁ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ የመኪና ጋራዡን በእንጨት ፍሬም ነው የሰራው፣ እዛ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው ሚሰራው፣ ግን ኮንክሪቱን ሚነካው እንጨት በመድኃኒት የተነከረ ካልሆነ ተቆጣጣሪው አያልፈውም ብሎኛል። እሱም ጋ ጉዳዩ እግሩ ላይ ነው ማለት ነው።

እኔ ጋ አሁን የቀረው የጣሪያው ጤዛ ነው። ከቆርቆሮው ስር ኮርኒስ ልመታ አስቤያለሁ፣ በመሃሉ አየር ሚያልፍበት ትቼ፣ ኅዳር ከመግባቱ በፊት መጨረስ አለብኝ። በዚህ ላይ የሞከረ ሰው ካለ፣ በተለይ ሐዋሳና ባህር ዳር ያላችሁ፣ ሐይቅ ዳር እርጥበቱ ስለሚብስ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ ንገሩኝ።

ለጓደኛዬ በመጨረሻ ያልኩት "ምንም ከመግዛትህ በፊት ጓሮህን በአካፋ አንድ ቦታ ቆፍረህ ምን አፈር እንደሆነ እየው" ነው። ትናንት ማታ ደወለልኝ፣ አንድ ሜትር ወርዷል፣ አሁንም ጥቁር ነው አለኝ። ቅዳሜ ከአባዬ ጋ ሄደን እናየዋለን።